የቤት ሰው

በሠራሁበት ሆስፒታል ሠራተኛ ሲታመም አይሰለፍም ነበር። ከገጠር በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ የመጣ ሰው አግዳሚው ላይ ተራውን ሲጠብቅ፣ እኛ በጓሮ በር እንገባለን። አንዱ ነርስ ካቅማማ ሌላው "የቤት ሰው ናት እኮ፣ አሳልፋት" ይለዋል። ካርድ አናወጣም። ስማችንን የሚጠይቀን የለም። ምን እንዳመመን የምንናገረውም ኮሪደር ላይ ቆመን፣ ከሰላምታው ጋር ነው። ይህንን እንደ ክብር እንቆጥረው ነበር። እኔም እቆጥረው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንን ያን ጊዜ አዋሳ ነበር የምንላት፤ ከመነኻሪያ እስከ ሐይቁ በጋሪ ነው የሚኬደው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ያገባሁ፣ ለሕሙማን ምግብ የማበስል የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ባሌ የመንግሥት እርሻ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በቆሎ ጭኖ ከወጣ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። የመጀመሪያ ልጃችን ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ሆዴ ውስጥ ሞቶ ወጣ። ለምን እንደሞተ የነገረኝ የለም፤ "እግዜር ሌላ ይሰጥሻል" ነው ያሉኝ። ሁለተኛውን ሳረግዝ አዋላጇ ሲስተር ደምሽ ይታይ አለችኝ። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ላብራቶሪ ገብቼ ክንዴን ሰጠሁና ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከጓሮ እንጨት ይዤ ስገባ ወጥ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ምሳ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር ጭልፋውን አነሳሁ። ኃላፊያችን፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ትልቅ ሴት፣ የእጄን አንጓ ያዙኝ።

"ተይው።"

"ምነው እትዬ?"

"ተይው አልኩሽ። ዛሬ አንቺ አታወጪም። ነይ ቁጭ በይ።"

በእኛ አገር አስቀምጠው የሚነግሩት መርዶ ነው። የባሌ መኪና የተገለበጠ መሰለኝ።

"ሞተ?" ብዬ ጮህኩ።

"ማንም አልሞተም! ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።"

ይህን ሲሉኝ አንዷ ባልደረባዬ ጠዋት ሻይ የጠጣሁበትን ብርጭቆ በጨርቅ ይዛ ከሌሎቹ ለየት አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ያን ጊዜ ነገሩ ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ።

እትዬ ዱቄት ክፍል አስገብተው ነገሩኝ። የላብራቶሪው ልጅ መጥቶ ነበር። ደሜ ውስጥ ቂጥኝ ተገኝቷል። ቶሎ መርፌ ትጀምር ብሏል።

"ለማን ነው የነገረው?" አልኩ።

"ለእኔ ነዋ።"

"ብቻዎን ነበሩ?"

ሽሮ የነካውን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ሻይ እየጠጣ ነበር" አሉኝ በመጨረሻ።

ሻይ የሚጠጣው ትልቁ ምድጃ አጠገብ ነው፤ ሁላችንም የምንሠራው እዚያው ዙሪያ ነው።

በቀጥታ ወደ ላብራቶሪው ሄድኩ። ደግ ልጅ ነበር፣ ዛሬም ደግ ነበር እላለሁ። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

"ወንድሜ፣ ያየኸው ደም የማን ነው?"

"የአንቺ ነዋ።"

"ታዲያ ውጤቱስ የማን ነው?"

ፈገግታው ጠፋ። "እኔ እኮ እንዳትጉላዪ ብዬ ነው። የውጭ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። አንቺ የቤት ሰው ስለሆንሽ በእግሬ መጣሁልሽ። ስትጠፊብኝ ለእትዬ ተናገርኩ። ምን አጠፋሁ?"

እውነቱን ነው የጠየቀው። ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

ዶክተሩ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። ቂጥኝ በመርፌ ይድናል አለ። የመጀመሪያው ልጄ የሞተው በዚሁ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ይኼኛው ግን ሊተርፍ እንደሚችል ነገረኝ። ባሌም አብሮኝ ካልተወጋ በሽታው ከእሱ ወደ እኔ እንደሚመለስ፣ ልጁም እንደ ፊተኛው ሊሆን እንደሚችል ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። በምግብ ይተላለፋል ወይ ስለው አይተላለፍም አለ።

"እንግዲያው ወጥ ቤት ሄደው ይንገሩልኝ፣ ዶክተር። ጭልፋ አስጥለውኛል።"

"ሄጄ አይተላለፍም ብል በሽታው አለባት ማለቴ ነው። የሰሙት ወሬ ነው። እኔ ከተናገርኩ ግን እውነት ይሆናል።"

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። እሱ አፉን ቢከፍትም ቢዘጋም የምጎዳው እኔ ነኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ እኔ የውጭ ሰው ነኝ" አልኩት። "ካርድ ይውጣልኝ። ተራዬን እጠብቃለሁ። በር ይዘጋልኝ።"

ካርድ አውጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር በበሩ ብቅ ሲል አየኝ። "አንቺ! ምን ያሰልፍሻል? ግቢ እንጂ!" ብሎ ተጣራ። ተራዬ አልደረሰም አልኩት። ሰዉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ሲዳማ ነበሩ፣ አማርኛቸው ጥቂት ነው። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ነጠላዬ መሬት እንዳይነካ ሰበሰቡልኝ። በዚያ ሳምንት ካገኘሁት ሰው ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ተራዬ ሲደርስ ገብቼ "በሩን ዝጋ" አልኩት።

"ለመርፌም በር ይዘጋል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ለሁሉም ሊዘጋ ይገባል። ከእኔ ጀምር።"

ዘጋው። መርፌው እግሬን ሽባ ያደረገው እስኪመስለኝ ያማል። እያነከስኩ ስወጣ ከወጥ ቤት ወደ ልብስ ማጠቢያ እንደተዛወርኩ ተነገረኝ። ማዛወሩ ራሱ ወሬ ነበር። ያልሰማውም "ለምን ተዛወረች?" ብሎ እየጠየቀ ሰማ።

ከዚያ በኋላ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ባሌ ከሰው ከመስማቱ በፊት ከእኔ አፍ እንዲሰማ። ባሌን አውቀዋለሁ። ለብቻው ቀስ ብለው ከነገሩት ይሰማል። በሰው ፊት ከነኩት ግን እውነቱን እያወቀ ይክዳል። ቅዳሜ ይመለሳል ተብሏል። የምናገረውን ቃል በቃል አዘጋጀሁ፤ የት አገኘኸው አልለውም፣ ማን ናት አልለውም፣ ሁለታችንም እንወጋ ብቻ እለዋለሁ።

ሐሙስ ግን ሂስና ግለ ሂስ ነበረን። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ የራሱን ጥፋት የሚናገርበት፣ የሌላውንም የሚያወጣበት ስብሰባ ነው። ሁሉም እኩል ነው ይባላል፤ የፊተኞቹ ወንበሮች ግን ትራስ አላቸው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ እጁን አወጣ። የእህቱን ልጅ ወጥ ቤት ማስገባት ሲፈልግ የቆየ ሰው ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዲት ጓድ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛውራለች። ምክንያቱ ይገለጽልን።"

ምክንያቱን ያውቃል። አዳራሹም ያውቃል። ከአፋችን ሊሰማው ነው የፈለገው። እትዬ ተነስተው "ለጤናዋ ነው" አሉ።

"ምን ዓይነት ጤና?" አሉ ሊቀመንበሩ። "ከሠራተኛው የሚደበቅ ነገር የለም። ጓድ፣ ተነሺና ራስሽ ግለጪ። ግለ ሂስ ማለት ይኸው ነው።"

ተነሳሁ። "ግለ ሂስ የጥፋት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ ታመምኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?"

ከኋላ አንዱ "አጥፍተሽ አይደል የታመምሽው!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሊቀመንበሩ ራሳቸው ተደብቀው ምን እንደሚታከሙ አውቅ ነበር። በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም፤ እሳቸውም የቤት ሰው ናቸዋ። አንድ ቃል ብወረውር ያ ሁሉ ሳቅ ወደ መድረኩ ይዞር ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ለእሳቸው አዝኜ አይደለም። በእኔ ላይ ሲሠራ ግፍ የሆነ ነገር በእሳቸው ላይ ሲሠራ ፍርድ አይሆንም። ዛሬም አልናገረውም።

"የማንንም በሽታ አልናገርም፤ የራሴንም አልናገርም" አልኩ።

"ይህ ግለኝነት ነው!"

"ሰውነቴ የግሌ ነው፣ ጓድ።"

ሳቁ ቆመ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ሆዴንም አዩ። ከዚያ ልብስ ማጠቢያው እንዲጸና፣ እኔም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ ሐሳብ አቀረቡ፤ በጭብጨባ ጸደቀ። ዶክተሩ አላጨበጨበም። አልተነሳምም።

ቅዳሜ ባሌ ከጠበቅኩት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አሙቄ ነበር። በሩ ላይ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

"እግዜር ይማርልህ ተባልኩ" አለ።

"ማን ነው ያለህ?"

"የአምቡላንሱ ሾፌር። ጠጅ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት። እኔ እናቴ የታመመች መስሎኝ፣ ማን ታሞብኝ ነው አልኩት። አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።"

የአምቡላንሱ ሾፌር ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ የታመመችበትን ሰው አግኝቶ እግዜር ይማርልህ ሳይሉ ማለፍ ነውር ስለሆነ ነው ያለው።

"ና ግባ" አልኩት። "የት እንዳገኘኸው አልጠይቅህም።"

"እኔ ነኝ ማለትሽ ነው?"

"ምንም አላልኩም። መርፌ ነው፤ ለልጁ ነው። የፊተኛውም በዚሁ ነው የሞተው ብለውኛል።"

ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ልጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የቀበረው እሱ ነው። በዚያች ቅጽበት ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

"እዚያ ሆስፒታል ሄጄ ሱሪዬን ልፍታ?" አለ ግን። "ዘበኛው 'ባልየው መጣ' ብሎ ሊጠራራብኝ?"

"ሻሸመኔ እንሂድ። እዚያ የሚያውቀን የለም።"

ያሞቅኩትን ውሃ አየ። ከዚያ ለዘብ ብሎ፣ እንደሚያባብለኝ ሁሉ፣ እንዲህ አለኝ፦ "ከታከምኩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ካልታከምኩ ሰው አንቺ ነሽ ይላል። አንቺ ነሽ ቢል ይሻለኛል።"

አልሰደብኩትም። "እንግዲያው እስክትወጋ አልጋዬ ላይ አትወጣም" አልኩት። ያን ሌሊት መኪናው ውስጥ አደረ። ሰኞ ጭነት ይዞ ወጣ። ሁለት ጊዜ ያህል ለልብስ ተመልሶ መጣ፤ ቁጭ ሳይል ሄደ። በኋላ አርባ ምንጭ በኩል ወደሚገኝ እርሻ ተዛወረ ተባለ፤ እዚያም ሌላ አገባ። ለእሷ ነግሯት እንደሆነ አላውቅም።

መርፌዬን ጨረስኩ፣ ሁሉንም በተራዬ፣ ሁሉንም በተዘጋ በር። ቀኔ ሲቃረብ ሻሸመኔ አክስቴ ዘንድ ሄጄ በዚያ ሴት ልጅ ወለድኩ። ትንሽ ነበረች፤ ጮኸች። ሐኪሙ ከእግሯ እስከ ራሷ አገላብጦ አያት፤ ደህና ናት አለኝ። የሚያበስር ሰው ወደ አባቷ አልላክሁም፤ ያለ እኔም ሰው ሁሉ የሰማውን ይነግረዋል ብዬ።

ዛሬ ይህን ሳጫውት "ሾፌር አይደል፣ ለማንኛውም ይሄድ ነበር" የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። እሱን መልአክ ላደርገው አልፈልግም፤ በሽታውን ያመጣው እሱ ነው። ነገር ግን ያን ቅዳሜ ምንም ሳይሰማ ቢገባ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ አድርጎ ቁጭ ብሎ ከእኔ ቢሰማ፣ ምን ይል እንደነበር የማየት መብት ነበረኝ። እምቢ ቢለኝ እንኳ እምቢታው የራሱ ይሆን ነበር። አሁን ግን የራሱ ይሁን የጠጅ ቤቱ ሳቅ ያመጣው ለይቼ አላውቅም። ልጄ አባቷ ለምን እንደሄደ ስትጠይቀኝም የምሰጣት መልስ ይኸው ነው፤ አላውቅም፣ እንዳላውቅ ተደረግኩ።