የአባዬ ውሻ ጆሮ

አባዬ አልጋ ላይ በዋለበት ክረምት ውሻችን ማላዘን ጀመረ። ውሻ በታማሚ ደጅ ሲያላዝን ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሞትን አይቶ ነው ይባላል። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር በነበረው ግቢያችን ይህን ከአፉ ያወጣ ሰው አልነበረም። ግን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ወሬ ይቀይር ነበር።

እኔ ያኔ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥቼ እመጣለሁ። ከታች ካለው ሙቀት ተነስቼ ደሴ ስደርስ ጉሙ ይቀበለኛል፤ ግቢያችን ጋ ስደርስ ደግሞ ያ ድምፅ። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ማልቀስ ያሳፈረው ሰው ይመስላል። ዛሬም ጉም ሲወርድ የሚሰማኝ ይመስለኛል። አልዋሽም፣ ያስፈራኛል።

ከሁላችን ይልቅ የሰማው ግን አባዬ ነው። ያሳደገውም እሱ ነበር። ቡችላ ሳለ ጎረቤቱ ሁሉ «ጆሮውን ቁረጠው እንጂ፣ እንዲህ አንጠልጥሎት ማንን ሊያስፈራ ነው?» ሲለው «ፈጣሪ የሰጠውን እኔ ምን ቤት ነኝና!» ብሎ እምቢ አለ። ያ ጆሮው ያልተነካ ውሻ አሁን ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ሲያላዝን፣ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሾርባ ይዤለት ስገባ «ተይው ልጄ፤ ተጠርቻለሁ» አለኝ። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱን ከዋጠና በደንብ ከበላ ይነሳል ብሎን ነበር። ከበሽታው ይልቅ የውሻው ድምፅ ሊወስደው ነበር።

እናቴ ወሰነች። በዚያው ሰሞን ለባዘኑ ውሾች መርዝ ስለሚጣል ውሾቻችሁን እሰሩ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰምታለች። «እኔ አልገድለውም፤ የግቢውን በር ብቻ ክፍት እተወዋለሁ» አለችኝ። በሩን የከፈተ ገዳይ አይባልም መሰላት።

ተናድጄ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሻው የኋላ እግሩን አንስቶ ጆሮውን ፎከተ። ራሱን አርገፈገፈ፣ ጆሮዎቹ እየተማቱ ጧ ጧ አሉ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘመመ፤ ከዚያ አላዘነ። ጠበቅኩት። እንደገና ፎከተ፣ እንደገና አላዘነ። ሳይፎክት አንድም ጊዜ አላላዘነም። ሞት የሚታየው ጆሮ ከፎከቱ በኋላ ነው እንዴ?

ጆሮውን ልገልጠው ስል ሊነክሰኝ ቃጣ። ጎረቤታችን ሴትዮ ከአጥሩ ማዶ አይተውኝ መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ሳይታጠቡ መስገድ አይሆንላቸውም። «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ እኔ እይዘዋለሁ። አባትሽ ለኔም ወንድሜ ነው» አሉና አፉን በሻሻቸው ጠቅልለው ያዙልኝ። ጆሮውን ስገልጠው ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ውስጡ እንደ ቡና አተላ በጠቆረ ቆሻሻ ተሞልቷል፤ ዙሪያው በፉከታ ብዛት ደምቷል። «ያ ረቢ! ታሞ ኖሯል የሚጮኸው! እኛ ምን ስናስብ!» አሉ። ከዚያ እጃቸውን በአፈርና በውሃ ደጋግመው ሊታጠቡ ሄዱ።

ከሥራ ቀርቼ በገመድ እየጎተትኩ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ በባትሪ አየውና ጆሮው ውስጥ ለዓይን የሚያስቸግሩ ደቃቅ ተባዮች እንዳሉ፣ እርጥበቱ ደግሞ ቁስሉን እንዳባሰው ነገረኝ። ጋዝ እንዳናፈስበት፣ በእንጨት እንዳንጎረጉረው አስጠነቀቀኝ። ጠብታውን አድርጎ የጆሮውን ሥር ማሸት፣ ራሱን ሲያርገፈግፍ የወጣውን ብቻ በንጹሕ ጥጥ መጥረግ ነው። «ማሳከኩ ቢተወው እንኳ መድኃኒቱ ሳያልቅ እንዳታቋርጪ» አለኝ።

ለአባዬ ስነግረው ከግድግዳው ዞረ። «ለጆሮው ነው?» አለና ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ያን ቀን ሾርባውን ጨረሰ። እኔ ኮምቦልቻ ስውል እናቴ እያጉረመረመች ጠብታውን አደረገችለት፤ በኋላ አባዬ ራሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ተረከባት። ማላዘኑ ቆመ። ደስ አለኝ፤ ሞትን በጥጥ ጠርጌ ያባረርኩት ያህል ደስ አለኝ።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። አባዬ ከታመመ ጀምሮ ከቤት ርቃ አታውቅም ነበር። «ውሻውም ዝም ብሏል፤ ምን ይሆናል ብለሽ ነው» አለችኝ። ስንመለስ አባዬ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ዐርፎ አገኘነው። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ሲያየን ተነሳና ጭራውን ቆላልን።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ «ባታሳክሚው ኖሮ ይነግረኝ ነበር፤ ብቻውን ጥዬው አልሄድም ነበር» አለችኝ። ውሻው ምንም አያውቅም፣ ጆሮውን ነው ያሳከከው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ብላትም አትሰማኝም፤ እኔም ራሴ ያን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም።

በሚቀጥለው ክረምት ውሻው እንደገና ጆሮውን ይፎክት ጀመር። ጠብታውን ገዝቼ ስመጣ እናቴ አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ሆና ታዳምጠዋለች። ልይዘው ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው ልጄ» አለች፤ «የኔን እንኳ ይንገረኝ።»