የቀኝ እጅጌ

ሰፈሩ ሁሉ ሚሊ ይላታል። ያለቀ ኮሌታ በአንዲት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ፈትታ እንደገና ካልሰፋች እንቅልፍ የማይወስዳት ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻ ስትለካ፣ የሰው ወገብ ስታጠብብ፣ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ኖራ ለራሷ አንድ የረባ ቀሚስ የላትም። ጉድ እኮ ነው! ደንበኞቿ ሲያሾፉባት «የኔን ልክ ማን ይውሰድልኝ?» ብላ ትስቃለች።

ሣጥኗ ውስጥ ግን አንድ ጨርቅ ነበራት። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ላዩ ላይ ፍንትው ያሉ ቢጫ አበቦች። የገዛላት ባሏ ፖስተኛው ነው፤ ያኔ ሴት ልጃቸው ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። «ልጃችን ስትመረቅ ትለብሺዋለሽ» አላት። «ታዲያ አሁን ብሰፋው ምን አለበት?» ብትለው፣ «አይሆንም፤ የዚያን ቀን አዲስ ሆነሽ ልይሽ» አላት። ሳያያት ሞተ።

እነሆ ልጅቷ ቅዳሜ ልትመረቅ ነው። ሚሊ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ፊቱን ቆረጠች፣ ጀርባውን ቆረጠች፣ እጅጌው ቀረ። ጨርቅ ታጥፎ ሲቆረጥ የቀኝና የግራ እጅጌ አብረው ይወጣሉ። የተረፋት ጨርቅ ግን ጠባብ ስለነበረ አንድ በአንድ መቁረጥ ግድ ሆነባት። መጀመሪያ አንዱን ቆርጦ፣ ለሁለተኛው የልክ ወረቀቱን መገልበጥ ነው። ይህን ለስንቱ ጀማሪ እየጮኸች ያስተማረች ራሷ ናት!

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን አሙቃዋለች። የክር ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ከወዲያ ጥግ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው ጓደኛዋ የስፌት መኪና እንደ እሽሩሩ ያንጎራጉራል። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ለሚሊ የፖስተኛውን ጫማ በጠጠር መንገድ ላይ መሰላት። እውነትም እሱ ነው፤ እንደ ልማዱ በቀኟ በኩል፣ እጅጌዋን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ይሄዳል። «መኪና ቢመጣ እኔን ያግኘኝ» ይላት ነበር ሁልጊዜ። ቢጫዎቹ አበቦች ከግራም ከቀኝም ሲወዛወዙ ታዩዋት። «እንዴት ከረምክ?» አለችው በሆዷ። እጅጌዋን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ደስ አላት። አብረው ብዙ ሄዱ።

ከሐሳቧ ስትነቃ መቀሱ ሥራውን ጨርሷል። ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን አስቀመጠችና ክው አለች። ሁለቱም የግራ ናቸው! ወረቀቱን አልገለበጠችውም። የቀረው ቁርጥራጭ ኪስ እንኳ አይወጣውም፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ጓደኛዋ መኪናዋን አቁማ።

«የእሱን ጨርቅ ገደልኩት። ሁለት ግራ አወጣሁ።»

«እኔን! በይ አታልቅሺ። እጅጌ የሌለው አድርጊዋ፣ አሁን እሱ ነው ፋሽኑ።»

«እጅጌ የሌለውን ምኑን ብሎ ይይዘዋል?» አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ማታ ልትዘጋ ስትል ያንን ትርፍ እጅጌ አንስታ ልታጥፈው ገለበጠችው። በጀርባው በኩል አበቦቹ ፈዘዋል፤ በጭጋግ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ናቸው። አየችው፣ ወደ ትከሻዋ አስጠጋችው። የተገለበጠ ግራ ለካ ቀኝ ነው።

«ኧረ ሚሊዬ! ሰው ምን ይልሻል? ጨርቅ ገልብጣ ሰፋች ሊሉሽ ነው እኮ!» አለች ጓደኛዋ።

«ይበሉኛ!» አለችና መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

ቅዳሜ ልጅቷ ጥቁር ካባዋን እየጎተተች ከሰልፉ ወጥታ ወደ እናቷ ሮጠች። በቀኝ በኩል ክንዷን ልትይዛት ስትል ዓይኗ እጅጌው ላይ ወደቀ።

«እማዬ፣ ይሄኛው ተገልብጧል እኮ!»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። በዚያ በኩል አባትሽ አለ።»

ልጅቷ እጇን መለሰች። ከዚያ በእናቷ ኋላ ዞራ የግራ ክንዷን ያዘች።