ከጠጠሩ ሥር የወጣው አበባ

ዛሬ ጠዋት እዚህ በሰው አገር ደጃችን ላይ ሐምራዊ አበባ ጠጠሩን ገፍቶ ወጥቶ አገኘሁት!

በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ፣ ብርድ የሚችል አበባ ነው። አምና በድንጋዮቹ መሃል የተከልኩት እኔ ነኝ። በዊንተሩ ብርድ ቅጠሉ ሲረግፍ የየቤቱን ግቢ የሚቆጣጠረው የሰፈራችን ኮሚቴ ሰውዬ "ሞቷል፣ ግቢውን አበላሽቷል፣ ንቀሉት" አለን። (የጎረቤታችን የደረቀ ሣር ግን አይታየውም።)

አባዬ ጠብ አይወድም። እኔ የሥራ ሺፍት ላይ እያለሁ "እሺ" ብሎ ጠጠር ደፋበት። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ዛሬ ሰውዬው የኮሮና ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ መጣ። "አሁንም አልነቀላችሁትም?"

"ሞቷል ያልከው እኮ ነው ያበበው። አልነቅልም!" አልኩት።

"እንግዲያው ሠራተኛ ልኬ አስነቅለዋለሁ።"

ይሄኔ አባዬ ከኋላዬ በአማርኛ ጮኸ። "መጀመሪያ እኔን ይንቀል በይው! ተርጉሚለት እንጂ ልጄ!"

አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት።

ሰውዬው "በኮሚቴው ስብሰባ እንገናኝ" ብሎ ሄደ። እንገናኛለን! ስብሰባው ከቤት ሆነን በዙም ነው፣ አባዬ ግን ከአሁኑ ከረባት እየመረጠ ነው።

እናንተስ? "ተዉት፣ ነገር አታብዙ" ተብላችሁ እምቢ ያላችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ለአባዬ አነብለታለሁ።