ሳላና ሰላት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኛ ሙስሊሞች የምንናዘዝለት የነፍስ አባት የለንም፤ ለአላህ ነግረን እናበቃለን። የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ አውፍ ካላለ አይማርም ይባላል። ባለሐቋን ፈልጌ አጣኋት፤ ስለዚህ ለእናንተ ለምታነቡት እናገራለሁ።

ዘይነብና እኔ ካርቱም ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ እናጸዳ ነበር። አረቦቹ አዳራሹን ሳላ ይሉታል። ኳሱም፣ ምርቃቱም፣ ፈተናውም እዚያው ነው። ዘይነብ ቋሚ ሠራተኛ ነበረች። እኔን ወረቀት የሌለኝን አበሾች ከሚበዙበት ከዴም ሰፈር አምጥታ፣ "እህቴ ናት" ብላ ያስገባችኝ እሷ ናት። እህቷ አልነበርኩም፤ የአገሯ ልጅ ነበርኩ።

ጦርነቱ ሲመጣ እዚያው ሳላው ውስጥ፣ የጂምናስቲክ ፍራሽ ላይ መተኛት ጀመርን። ዩኒቨርሲቲው ሠራተኞቹን ወደ ገዳሪፍ የሚያወጣ አውቶቡስ ሲልክ የዘይነብ ስም ነበረበት፤ የእኔ አልነበረበትም። "አንቺን ጥዬ የት አባቴ እሄዳለሁ?" ብላ ቀረች። ለእኔ ስትል ቀረች። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ የአሱር ሰላት ሊደርስ ሲል፣ ሌላ አውቶቡስ መጣ። የመጨረሻው ነው ተባለ። ጥበቃው ዓም ኢድሪስ ከበሩ ሆኖ፣ "ዘይነብ ዌን? ኸሊሃ ትጂ ሳላ፣ ሃሳ! ያላ!" ብሎ ጮኸብኝ። ዘይነብ የት አለች፣ ወደ አዳራሹ ትምጣ ማለቱ ነው፤ ሃሳ ደግሞ አሁኑኑ ነው። ዘይነብ ከጀርባ ቧንቧው ጋ ጄሪካን ትሞላ ነበር።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"አውቶቡስ መጥቷል፤ የሚሄደው ከሰላት በኋላ ነው አለ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው ሰግደን እንሂድ። ዛሬ እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን አስገባሻለሁ" ብላ ለውዱ እጅጌዋን ሰበሰበች።

እኔ ወደ ሳላው ሮጥኩ። ስም ጠሪው "ዘይነብ!" ሲል፣ "እኔ ነኝ" አልኩ። የዓባይን ድልድይ ሳንሻገር ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። በማግስቱ እኔ ስደውል ስልኳ ዝግ ነበር፤ እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

ለጠየቀኝ ሁሉ፣ "አረብኛዬ ደካማ ነው፤ ሳላ ሲለኝ ሰላት መሰለኝ፤ እኔን ሳላው ውስጥ አግኝተው እየገፉ አሳፈሩኝ" አልኩ። ማን አያምንም? የስንቱ አበሻ አረብኛ እንዲህ ያለ ጉድ አፍልቷል? እናቷ ከባቲ ደውለው፣ "የቋንቋ ነገር ነው ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው። ራስሽን አትጉጂ" አሉኝ። እኔን ያጽናኑኛል! በየጁምዓው ይደውላሉ፤ "ወሬዋ ተሰማ ወይ?" ይላሉ። እኔም አብሬያቸው አለቅሳለሁ። እንዴት ያለ ዓይን ነው የእኔ ዓይን?

አልተሳሳትኩም። ያንን ሳላ ሰባት ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ ከሰላት ጋር እንዴት ይምታታብኛል? ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እሷስ አልፈራችም ነበር? አውፍ በሉኝ አልላችሁም፤ ሐቁ የእናንተ አይደለም።

ዘይነብ፣ በሕይወት ካለሽ፣ ዓም ኢድሪስ ከሰላት በኋላ አላለም። ሃሳ ነው ያለው።