ጋላፊን ያለፈ ድንጋይ

«ሞት የማይፈርድ ፍርድ ቤት ምኑን ፍርድ ቤት ሆነ!» ብሎ ሽመክት ሲጮህ የጅቡቲው ሰፈር ካርቲየ 2 በሙሉ ሰማው። እታለም ግን ቲማቲሟን መክተፏን አላቆመችም።

ሽመክት የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወደቡ አጠገብ የእሱን ታናሽ ወንድም በጠብ የገደለው የመኪና ረዳት እሁድ ይፈረድበታል፤ እሁድ በጅቡቲ የሥራ ቀን ነው። ሽመክትም ለሐዘኑ ጢሙን አሳድጎ «ሞት ይገባዋል» ሊል ከወሎ ወርዷል። ቃሉን በፈረንሳይኛ ለዳኛው የምታደርስለት እታለም ናት። እሷ ደግሞ ጅቡቲ የሞት ቅጣትን ከሕጓ ከፋቀች ቆይታለች፣ ይስቁብሃል አለችው። ጠቡ ከዚያ ተነሳ።

እታለም የባቡር ፍሬን ያዥ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ፣ በሶማሊኛ ተጣልታ በአፋርኛ የምትታረቅ። ችሎት ስታስተረጉም ሸብታለች። ሐበሻ ሹፌር ሲከሰስ ዘመዱ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሷን በር ነው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ስትራመድ ያስታውቅባታል።

ያንተም አገር ዳኞች ቢሆኑ ሞት የሚለውን ቃል እየሸሹት ነው አለችው። ድሮ ዳኛው ችኩል፣ ይግባኙ ሩቅ ነበር። ዛሬ ዳኛ የሰቀለው ሰው ንፁህ ሆኖ ቢገኝ ማንን ይቅር በለኝ እንደሚል ያስባል፤ ዕድሜ ልክ ማሰር ደግሞ አያቅተውም።

«ከሁሉ በላይ ግን፣ ሽመክቴ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ያለው ሕዝብ ዳኛውን ገመድ አያስይዝም።»

ሽማግሌ ሲባል ሽመክት ፊቱን አዞረ። የገዳዩ አባት አባባ ጫላቸው ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመዋል፤ እንደ አገራቸው ወግ፣ የሟች ወገን ይቅር ብሎ እስኪያወርድላቸው አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው። ያውም ጅቡቲ ድንጋይ ባይገኝስ ብለው ከወሎ አምጥተውት! ድንጋይ ብቻ በሆነ አገር። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ጉምሩኮቹ እየሳቁ ምን እንደጫኑ ቢጠይቋቸው «የልጄን ጥፋት» ብለው አለፉ አሉ። እታለም ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ በወገኗ ኮራች።

«ድንጋዩን አወርድላቸዋለሁ ብለሽ ነው አይደል?» አላት ሽመክት።

«ታወርዳለህ።»

«እንወራረዳ፣ እትዬ። እስከ እሁድ ካላወረድኩ፣ ቢስቁም ባይስቁም ቃሌን ሳትሸርፊ ለዳኛው ትነግሪያለሽ።»

«ካወረድክስ?»

«ጢሜን በእጅሽ ትላጪዋለሽ።»

እጅ ለእጅ ተማቱ። ሽመክት ወደ በሩ ሄደ። ሽማግሌው ሲያዩት ይበልጥ አጎነበሱ።

«እዚህ ፀሐይ ነው» አላቸው ዝግ ብሎ፤ «ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ።»

እጆቹን ግን ከኪሱ አላወጣም። እታለም ቢላዋዋን አስቀምጣ ታያለች።