ጋሼ ኳኳ እና የልብስ አጣቢዋ በር

ፖሊስ የሚወደድበት ሰፈር አለ ቢባል ማን ያምናል? እዚያ ሰፈር ግን ጋሼ ኳኳ ይወደዱ ነበር። ማዕረጋቸው አምሳ አለቃ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጎዳና በእግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ ግን ከጣቢያው ውጪ በማዕረጋቸው የጠራቸው ሰው የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው የቆርቆሮ ግቢ ሰው ነው።

ቆርቆሮ ግቢ የሚባለው አሥራ አንድ ጠባብ ክፍሎች አንድ የውሃ ቧንቧ ከበው የተደረደሩበት ቦታ ነው። ተከራዮቹ ድንበር አቋርጠው የመጡ፣ አብዛኞቹም የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ነበሩ። በር ሲንኳኳ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ሌባ ቢዘርፋቸው፣ ጎረምሳ ቢደበድባቸው ለፖሊስ አቤት አይሉም። ሌባውም ይህንን ስለሚያውቅ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ጋሼ ታዲያ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ሁለት ጊዜ ኳ ኳ፣ ትንሽ ዝም፣ አንድ ጊዜ ኳ፣ ከዚያ ደረቅ ሳል። ይህን ስትሰሙ እኔ ነኝ፣ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ከኋላዬ አይኖርም ብለው ለግቢው ሰው ሁሉ ቃል ሰጡ።

ቃሉን መጀመሪያ ያመነችው ልብስ አጣቢዋ ናት። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች፤ ሳሙና እጇን ቢልጠውም ጨዋታዋን አልነካውም። በቢላዋ እያስፈራራ ግቢውን ሲዘርፍ በከረመው ሰው ላይ ፊት ለፊት ቆማ መሰከረችበት፤ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ባለፉ ቁጥር የሸሚዛቸውን ኮሌታ አይታ፣ ባለቤትዎ ተቀይመውዎታል እንዴ፣ ይስጡኝና ልጠበው እያለች ትቀልድባቸው ነበር። ጋሼም ሳይስቁ አያልፉም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አዲስ መመሪያ መጣ። የሰፈር ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ሰዎች ጋር እየወጣ ፈቃድ የሌላቸውን እንዲይዝ ታዘዘ። የጣቢያው አዛዥ ጋሼን አስጠርቶ፣ በር መስበር ግርግር ያመጣል፣ ለእርስዎ ግን ይከፍታሉ አላቸው። ጋሼ ተከራከሩ። እኔ ሌባ ያዥ ነኝ እንጂ ወረቀት ፈታሽ አይደለሁም፣ ነገ ባለቢላዋው ቢመለስ ማን መጥቶ ይነግረናል አሉ። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ከላይ የታዘዘ ነው። ካልፈለጉ ደንብ ልብሱን መልሰው መሄድ ይችላሉ አላቸው። ጡረታቸው ሊደርስ አምስት ወር ቀርቶታል፤ ሚስታቸው በመድኃኒት ነው የምትኖረው። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት የኢሚግሬሽን ሰዎች ከልብስ አጣቢዋ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆሙ። ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ሁለት ጊዜ ኳ ኳ፣ ትንሽ ዝም፣ አንድ ጊዜ ኳ። ሳሉ ግን ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳሉን ረሱት እኮ» አለች ልብስ አጣቢዋ ከውስጥ፣ እየሳቀች ከፈተች።

ከኋላቸው ያሉትን አየች። የሳሙና አረፋ ያለበትን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

«እርስዎ ነዎት ብዬ ነው እኮ የከፈትኩት» አለቻቸው።

ጋሼ ወደሚቀጥለው በር አለፉ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ስድስት ክፍሎች ባዶ ሆኑ። የሰው ልብስ በሳፋ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ቀረ፤ ማንም ሊያወጣው አልደፈረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ባለቢላዋው ከእስር ወጣና በጠራራ ፀሐይ ወደ ግቢው ተመለሰ። በሰባተኛው ክፍል ያለውን ልብስ ሰፊ ወጋው። ሰውየው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ሲደማ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ ለጣቢያ የነገረ የለም። ጋሼ ወሬውን ከውሃ ሻጭ ሰምተው ሐኪም ይዘው ወደ ልብስ ሰፊው በር ሮጡ። ሁለት ጊዜ ኳ ኳ፣ ዝም፣ ኳ። ሳሉንም ሳሉ፤ ደጋግመው ሳሉ። ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

«ማንም የለም» አለ አንድ ድምፅ።

ሐኪም አምጥቻለሁ ቢሉ፣ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ከኋላዬ የለም ብለው ቢምሉ የሚሰማ ጠፋ። ልብስ ሰፊው በማግስቱ ሞተ።

ጡረታ የወጡ ዕለት ጋሼ ኳኳ ደንብ ልብሳቸውን አስረክበው ቤታቸው ደረሱ። ቁልፍ ረስተው ነበርና አንኳኩ፤ እጅ የለመደውን አይተውም። ሚስታቸው ማን ነው ሳትል ከፈተች።

«ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ለምን ትከፍቻለሽ?» ብለው ተቆጧት።

«ማንኳኳትህን አላውቀውም እንዴ? አንተ ነህ ብዬ ነዋ የከፈትኩት» አለች።

ጋሼ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሚስታቸው ምን እንዳጠፋች ስላልገባት፣ በሩን እንደያዘች ቆመች።