ጎንደር የታሰረ፣ ገዳሪፍ የተፈታ ሽቦ

ከጎንደር የወጣን ማታ ባለቤቴ ትርንጎ ሻንጣ ሙሉ በርበሬ ያዘች፤ ልጃችን ሰብለ ደግሞ አፍ ሙሉ ሽቦ። የተጣመሙ ጥርሶቿን እንዲያቃና የጎንደር ሐኪም ያሰረላት ነው፤ «በየወሩ እየመጣሽ ልየው» ብሎ። እሱ ይህን ሲል መንገዱ ገና አልተዘጋም ነበር።

ድንበሩን ተሻግረን ገላባት ላይ አማርኛ የሚሞክር የሱዳን ወታደር ባትሪውን የሰብለ አፍ ውስጥ አበራ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ምንድን ነው ይኼ ብረት?»

«ጥርሷን ነው የሚያቃናው፣ ጌታዬ።»

«ሰው ነፍሱን ይዞ ይሮጣል፣ እናንተ ጥርስ ታቃናላችሁ?» እንባው እስኪፈስ ሳቀና ወረቀታችንን ሳያይ አሳለፈን።

የገዳሪፍን ሙቀት ምን ልበላችሁ! ዶሮዋ የተቀቀለ እንቁላል ነው የምትጥለው። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ከመሳሳቱ የተነሳ ጋዜጣ ያስነብባል። አከራያችን ሐጃ ደግሞ ሰብለን አይታ ጠየቀችኝ፦

«ይኼ ሽቦ ራዲዮ ይይዝላታል?»

«ካርቱምን ብቻ» አልኳት።

«እንግዲያው የመብራት ሒሳብ ትጨምራለህ!»

ዓመት አልፎ ሌላው ተተካ። እዚሁ ይፈታላት ስል ትርንጎ ተቆጣች።

«ቄስ የገዘተውን ሌላ ቄስ ይፈታዋል? ያሰረው ሐኪም ራሱ ይፍታው!»

ሽቦው ግዝት ሆነ። አፍ አውጥተን ባንናገረውም፣ እዚህ ማስፈታት ላንመለስ መፈረም መስሎን ነበር። ሰብለም «አገራችን ስንገባ ይፈታልኛል» እያለች ጠበቀች።

አንድ ቀን ሸንኮራ ስትገምጥ የፊት ጥርሷ ተነቃነቀ። ይዘናት ሮጥን። የገዳሪፉ የጥርስ ሐኪም ራጅ አነሳትና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ቆየ። የፊት ጥርሶቿ ሥር ሻይ የነካው ስኳር ይመስል ከጫፉ ሟሙቷል።

«ሽቦ ጥርስን ሲገፋ ሥሩን ሊበላው ይችላል» አለን። «በሐኪም እጅም ይደርሳል። ሐኪም ግን እያየ ያቆመዋል። የእናንተን ማን ሲያየው ነበር?»

«ወታደሩ አይቶታል» አልኩ። አልሳቀም።

«ሥሩ መልሶ ያድጋል?» አለች ትርንጎ።

«አያድግም። ዛሬ ብንፈታው መበላቱ ይቆማል። ጠንካራ ነገር ካልነከሰች ጥርሶቿ ሊቆዩላት ይችላሉ።»

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ፍታው» አለችው።

እናንተዬ፣ ከገዳሪፍ እስከ ዶካ እንደ ልጄ ያለ ቀጥ ያለ ጥርስ የለም! በክር የተለካ ነው። ፎቶዋን ጎንደር ለቀረችው እህቴ ላክንላት፤ ወዲያው ደወለች።

«እልልል! ተፈታላት? ሰብልዬ፣ ወተት የመሰለ ጥርስ! አሁንማ ማን ይከለክልሻል? የምትወጂውን የገብስ ቆሎ ቆልቼ፣ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።»

ሰብለ እናቷን አየች፤ እኔን አየች።

«ላኪልኝ፣ አክስቴ» አለች። «በዛ አድርጊው።»

ስልኩን ስታቀብለኝ፣ ምላሷ የላላውን ጥርስ ከኋላ ሲደግፈው አየሁ።